ኳሱ ከቁጥቋጦ ሲገባ



በዛሬው ንግግራችን ልናወሳላችሁ ያሰብነው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት እንደ ቀልድ የሚቈጠር፤ ነገር ግን ቀርበው ሲመረምሩት ቁም ነገር ያለበት ነው። ይኸውም በጎልፍ ጨዋታ ኳሱ ከመልካሙ ሜዳ ወጥቶ ከቁጥቋጦ፣ ከአሸዋ ወይም ከውሃ በገባ ጊዜ ተጫዋቹ እንዴት አድርጎ ከጭንቁ መውጣት እንደሚገባው የሚያስተምር ታሪክ ነው። «ጎልፍ ለሐረር ምኗ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ዳሩ ግን ነገሩ ስለ ኳስና ስለ ዱላ ብቻ አለመሆኑን ንግግራችንን እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው ይረዳዋል።

የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው ጎልፍን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። በሁለቱም ዱላ አለ፤ በሁለቱም ኳስ አለ። ነገር ግን በገና ጨዋታ ሁለት ወገን ተሰልፎ አንዲቱን ሩር ይሻማል፤ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ሰው የገዛ ራሱን ኳስ ይመታል፤ የሚሻማውም ሆነ የሚከለክለው የለም። ባላጋራዎቹ ሜዳው፣ ነፋሱና የራሱ ልብ ናቸው። ኳሱ ክብደቱ ከ46 ግራም የማይበልጥ ትንሽ ነገር ነው፤ የሚገባበትም ጉድጓድ የአፉ ስፋት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሙሉ ዙር 18 ጉድጓዶች አሉ፤ ሁሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ ሰው ያሸንፋል። ስለዚህ በጎልፍ ሒሳቡ የሚያዘው በተገኘው ሳይሆን በወጣው ነው፤ እንደ ቆጣቢ ቤተ ሰብ ትንሽ ያወጣ ይከብራል።

በአገራችን ይህ ጨዋታ በሰፊው የታወቀ አይደለም። በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ መኖሩን ብዙ ሰው ሰምቶ ይሆናል። ለሐረር አንባቢ ግን ነገሩን በዓይነ ልቡና ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከከተማዪቱ በስተደቡብ ቆሞ ጀጎልን ቁልቁል የሚመለከተውን፣ በአው ሐኪም ስም የሚጠራውን ሐኪም ጋራን እናስብ። በዚያ ጋራ ግርጌ የሚገኝ አንድ ለጥ ያለ መስክ የጎልፍ ሜዳ ቢሆን፤ ተጫዋቹም ኳሱን ቢመታና ኳሱ ከመስኩ ወጥቶ በጋራው ጥግ ከድንጋይና ከቁልቋል መካከል ቢሸጎጥ፤ ወደ ፊት እንዳይመታው ቁልቋሉ ይጋርደዋል፤ ዱላውን እንዳያነሣ ድንጋዩ ይከለክለዋል። ጉድጓዱም ከማዶ ይታየዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ምን ያድርግ? ጠቅላላው ጥያቄ ይህ ነው።

የጨዋታው ታሪክ ረጅም ነው። አገሩ እስኮትላንድ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1457 ዓ.ም. በንጉሥ ጄምስ 2ኛ ዘመን የእስኮትላንድ ሸንጎ ሕዝቡ ቀስት መወርወር እንዲለማመድ በማሰብ ጎልፍንና የእግር ኳስን በዐዋጅ ከልክሎ ነበር። ጨዋታው ግን በዐዋጅ አልጠፋም። በ1744 ዓ.ም. በኤዲንብራ አጠገብ በሊዝ ሜዳ የሚጫወቱ መኳንንት 13 አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። በጽሑፍ ከቆዩን የጎልፍ ደንቦች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። በ1764 ዓ.ም. ደግሞ ሴንት አንድሩስ በተባለችው ከተማ የጉድጓዶቹ ቍጥር 18 ሆነ፤ ይኸው ቍጥር ኋላ በዓለም ሁሉ ጸና።

ከእነዚያ 13 አንቀጾች መካከል ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው አንድ ነው። ኳስህ ከውሃ ወይም ከረግረግ ቢገባ አውጥተህ ከውሃው በስተኋላ አስቀምጠህ መምታት ትችላለህ፤ ለባላጋራህ ግን አንድ ምት ትከፍላለህ የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ሕግ ጥበብ ልብ በል። ሕጉ የተቸገረውን ሰው «እዚያው ሙት» አላለውም፤ «በነጻ ውጣ» ብሎም አልለቀቀውም። ከችግር ለመውጣት ዋጋ ቈረጠ፤ ዋጋውም አንድ ምት ሆነ። ዛሬም በሥራ ላይ ያለው ደንብ ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ኳሱ ሊመታ በማይችልበት ስፍራ ቢገባ ተጫዋቹ የአንድ ምት ቅጣት ከፍሎ ከሦስት ነገር አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ቀድሞ ከመታበት ስፍራ ተመልሶ ይመታል፤ ወይ ኳሱ ከወደቀበት በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ ወደ ጉድጓዱ ሳይቀርብ ያኖረዋል፤ ወይም ጉድጓዱንና የወደቀበትን ስፍራ በአንድ መስመር አድርጎ የወደደውን ያህል ወደ ኋላ ይርቃል።

እንግዲህ ዋጋው የታወቀ ከሆነ ሰው ስለ ምን ይሳሳታል? የሚሳሳተው ያን አንድ ምት መክፈል ውርደት ስለሚመስለው ነው። የጠፋበትን በአንድ ጊዜ ለመመለስ ይመኛል። በቁልቋሉ መካከል ጠባብ ቀዳዳ ያያል፤ ኳሱንም በዚያ ሊያሳልፈው ይነሣል። ቢሳካለት ይጨበጨብለታል፤ ባይሳካለት ግን ኳሱ ድንጋዩን ነክሶ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ከፋ ስፍራ ይገባል። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» እንደ ተባለው ጭንቀት ምርጫን ያበላሻል።

ብልህ ተጫዋቾች ከእንዲህ ያለ ስፍራ ሲደርሱ ዱላ ከማንሣታቸው በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ለራሳቸው ያቀርባሉ። መጀመሪያ ኳሱ እንዴት ተቀምጧል? በሣር ላይ ተንሳፎ ነውን? ወይስ ወደ ታች ሰጥሞ? ሁለተኛ፤ ይህን ምት ዐሥር ጊዜ ብመታ ስንት ጊዜ ይሳካልኛል? ሦስተኛ፤ ባይሳካልኝ ኳሱ የት ይወድቃል? አራተኛ፤ ከዚህ ምት በኋላ የሚመጣውን ምት ከየት ሆኜ ብመታ ይሻለኛል? አምስተኛውና ዋናው፤ በዚህ ሰዓት የሚያስፈልገኝ ምን ያህል ነው? ይህን አምስተኛውን ጥያቄ የዘነጋ ሰው ሌሎቹን አራቱን በትክክል ቢመልስም ይጠፋል። ይህንንም በታሪክ ምስክር እናስረዳለን።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ በኦሎምፒክ ክለብ በተደረገው ታላቅ ውድድር አርኖልድ ፓልመር የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች 9 ጉድጓድ ብቻ ሲቀረው ቢሊ ካስፐርን በ7 ምት ይመራው ነበር። ለማሸነፍ ጭምትነት ብቻ ይበቃው ነበር፤ ፓልመር ግን ቤን ሆገን በ1948 ዓ.ም. ያቆመውን የ276 ምት ክብረ ወሰን ለመስበር ያስብ ነበር። በ16ኛው ጉድጓድ ኳሱ ወደ ግራ ተጠምዞ ከረጅሙ ሣር ገባ። በአጭር ዱላ ወደ ሜዳው መመለስ ሲችል በረጅም ዱላ ወደ ፊት ሊያስኬደው ሞከረ፤ ኳሱም ጥቂት ብቻ ተላወሰ። በመጨረሻ 7ቱ ምት ሁሉ አለቀና ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ በማግሥቱ በተደረገው መለያ ካስፐር አሸነፈ። ፓልመር የተሸነፈው ኃይል አንሶት አይደለም፤ ያስፈለገው ነገር አንድ፣ የተመኘው ነገር ሌላ ስለ ሆነ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው በ1999 ዓ.ም. በእስኮትላንድ በካርኑስቲ ሜዳ የደረሰው ነው። ዣን ቫን ደ ቬልደ የተባለ ፈረንሳዊ በብሪታንያ ታላቅ ውድድር በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ቆሞ በ3 ምት ይመራ ነበር። ጉድጓዱን በ6 ምት ቢጨርስ አሸናፊ ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች በ6 ምት መጨረስ የሚያቅተው አይደለም፤ አጫጭር አድርጎ እየመታ በሰላም መግባት ይችል ነበር። እርሱ ግን በመጀመሪያው ምት ረጅሙን ዱላ አነሣ፤ ኳሱ ወደ ቀኝ ሄደ። ደግነቱ ከውሃ አልገባም። በሁለተኛው ምት ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን መልሶ መንገዱን ማቅናት ሲገባው በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ መታ። ኳሱ የተመልካቾቹን መቀመጫ ብረት መትቶ፣ በጅረቱ ዳር ካለው የድንጋይ ግድግዳ ነጥሮ፣ ከረጅም ሣር ውስጥ ወደቀ። ከዚያም ሣር ውስጥ ሦስተኛውን ሲመታ ኳሱ ባሪ ከሚባለው ጅረት ገባ።

በዚያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ሲመለከተው ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ከውሃው ወረደ፤ ኳሱንም ከውሃው ውስጥ ሊመታ አሰበ። በኋላ አእምሮው ተመልሶ የቅጣቱን ምት ከፈለ፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነበር። አምስተኛው ምት ከአሸዋ ጉድጓድ ገባ፤ በስድስተኛው አወጣው፤ በሰባተኛው አስገባው። ከፖል ሎሪና ከጀስቲን ሌናርድ ጋር እኩል ሆነ፤ በመለያውም ጨዋታ ሎሪ አሸነፈ። ይህ ፖል ሎሪ በዚያ ቀን ጧት 10 ምት ወደ ኋላ ቀርቶ የጀመረ ሰው ነበር።

የዚህን ሰው ታሪክ የምንተርከው ልንዘባበትበት አይደለም፤ በውድድሩ ሁሉ ከሌሎቹ በልጦ የተጫወተ ሰው ነበር። ነገር ግን የጥፋቱን ሥር ብንፈልግ ከጅረቱ ውስጥ አናገኘውም፤ ከሁለተኛው ምት ላይ እናገኘዋለን። ኳሱ ከመንገድ በወጣ ጊዜ ወደ መንገድ የሚመልሰውን አጭር ምት ቢመርጥ ኖሮ ሦስቱ ትርፍ ምቶች ለመንገድ ስንቅ ይበቁት ነበር። ስንቅ ያለው ሰው መሮጥ አያሻውም።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ያለውን ምስክር እንመልከት። በ2017 ዓ.ም. ያው ውድድር በእንግሊዝ አገር በሮያል በርክዴል ተደረገ። ጆርዳን ስፒዝ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በመጨረሻው ቀን በ3 ምት እየመራ ጀምሮ ትርፉን ሁሉ አጠፋ፤ በ13ኛውም ጉድጓድ የመጀመሪያ ምቱ እጅግ ወደ ቀኝ ሄዶ ከአሸዋ ኮረብታ ማዶ ከሣር ውስጥ ጠፋ። ኳሱ ተፈልጎ ሲገኝ የተቀመጠበት ተዳፋት ዱላ የሚያስነሣ አልነበረም። ስፒዝ አልተጣደፈም። ደንቡን ጠየቀ፤ ዳኛ አስጠራ፤ የአንድ ምት ቅጣቱንም ተቀበለ። ከሦስቱ ምርጫዎች ወደ ኋላ መራቁን መረጠ፤ መስመሩን ተከትሎ ሲሄድ ከሜዳው ውጭ ከልምምዱ መስክ፣ የዕቃ መኪናዎች ከቆሙበት አጠገብ ደረሰ። እዚያ ጠፍጣፋ መሬትና ንጹሕ ሣር አገኘ። ከዚያም ኳሱን ወደ ጉድጓዱ አቅራቢያ አደረሰው፤ ጉድጓዱንም በ5 ምት ጨረሰ፤ ይህ ከተገቢው አንድ ብቻ ይበልጣል። ነገሩ ሁሉ 20 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ባላጋራው ማት ኩቻር በዚያ ጉድጓድ በ1 ምት መምራት ጀመረ። ነገር ግን ስፒዝ በተከታዮቹ አራት ጉድጓዶች ከተገቢው 5 ምት አሳንሶ ተጫወተና በ3 ምት አሸነፈ።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ነገር ይገለጥልናል። ቫን ደ ቬልደ አንድ ምት ላለመክፈል ብሎ ውድድሩን ከፈለ፤ ስፒዝ አንድ ምት ከፍሎ ውድድሩን ገዛ። አንደኛው ወደ ፊት ብቻ ተመለከተ፤ ሁለተኛው ወደ ኋላ መሄድ ማለት መሸሽ አለመሆኑን ዐወቀ።

ሌላም የሚማሩበት ነገር አለ። በ1949 ዓ.ም. በሳንድዊች በተደረገው ውድድር ሃሪ ብራድሾ የተባለው የአየርላንድ ተጫዋች ኳሱ ከተሰበረ የቢራ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ አገኘው። ዳኛ ቢጠይቅ ያለ ቅጣት ሊያነሣው ይፈቀድለት ይሆን ነበር፤ እርሱ ግን ሳይጠብቅ ጠርሙሱን ከነኳሱ መታው። ጠርሙሱ ተንኰታኰተ፤ ኳሱ ጥቂት ሄደ። ያን ጉድጓድ በ6 ምት ጨረሰ። በውድድሩ ፍጻሜ ከደቡብ አፍሪካው ከቦቢ ሎክ ጋር እኩል ሆነ፤ በመለያውም ተሸነፈ። እንግዲህ የሚያውቅ ዳኛ በአጠገብ ሳለ ብቻን መቍረጥ ዋጋ ያስከፍላል።

ቍጣም እንዲሁ ነው። ቦቢ ጆንስ የተባለው አሜሪካዊ በ1921 ዓ.ም. ገና 19 ዓመቱ ሳለ በሴንት አንድሩስ ሲጫወት በ11ኛው ጉድጓድ ከአሸዋ ገብቶ መውጣት ቢያቅተው ተናዶ ውድድሩን ትቶ ወጣ። ኋላ ግን ቍጣውን ገዛ፤ በ1927 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ ተመልሶ አሸነፈ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የሴንት አንድሩስ ከተማ የክብር ዜጋ አደረገችው። የአሸዋው ጉድጓድ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውዬው ነው።

ከአሸዋ ለመውጣት ደግሞ ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም፤ መሣሪያና ልምምድም ያስፈልጋል። ጂን ሳራዜን የተባለው ተጫዋች አሸዋ እያስቸገረው በዱላው ራስ ግርጌ ላይ ብረት ጨምሮ በመበየድ ወደ አሸዋው ሳይሰጥም ተንሸራትቶ የሚያልፍ ዱላ ሠራ፤ በ1932 ዓ.ም. በብሪታንያው ውድድር ይህንኑ ይዞ አሸነፈ። ዛሬ በየተጫዋቹ ከረጢት ውስጥ የዚያ ዱላ ዘር ይገኛል። ብልህ ሰው ከገባበት ጉድጓድ ይወጣል፤ ከዚያም ይልቅ ብልህ የሆነው ዳግመኛ ሲገባ የሚያወጣውን መሣሪያ አስቀድሞ ያዘጋጃል።

እንዲህ ስንል ግን ድፍረት ሁሉ ስንፍና ነው ማለታችን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦገስታ በተደረገው ውድድር ቡባ ዋትሰን በመለያው ጨዋታ ኳሱ ከዛፎች መካከል በረገፈ የጥድ ቅጠል ላይ ወደቀበት። እርሱ ግን ኳሱን እያጠማዘዘ መምታት ከልጅነቱ የለመደው ነበር፤ ኳሱም በደኅና ተቀምጦ ነበር፤ በዛፎቹም መካከል የሚበቃ ክፍት ነበረ። ስለዚህ ኳሱን ወደ ቀኝ አጠማዞ ከጉድጓዱ አጠገብ አሳረፈውና አሸነፈ። ከላይ የቈጠርናቸውን ጥያቄዎች ለዚህ ሰው ብናቀርብለት መልሱ ሁሉ «ይሁን» የሚል ነበር። ድፍረት የሚመሰገነው ከሒሳብ በኋላ ሲመጣ ነው።

አሁን ከባሕር ማዶ እንመለስና እንደ ገና ከሐኪም ጋራ ላይ ቆመን ወደ ጀጎል እንመልከት፤ ምክንያቱም ከጭንቅ የመውጣት ጥበብ በጎልፍ ሜዳ የተወለደ አይደለም። ይህች በግንብ የታጠረች ከተማ ራሷ የዚህ ትምህርት መጽሐፍ ናት።

በ1535 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ከወደቁ በኋላ የአዳል ኃይል ተሰብሮ ሐረር በዙሪያዋ ሁሉ የምትሰጋበት ዘመን መጣ። በዚያን ጊዜ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ከተማዪቱን በግንብ አጠሩ ተብሎ በሐረር ሕዝብ ዘንድ ይነገራል። ግንብ ማጠር ማለት ሰፊውን አገር ለጊዜው ትቶ ጠባቡን ማዳን ነው። አሚር ኑር ሰይፍ አላነሡም ማለታችን አይደለም፤ በ1551 ዓ.ም. ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋግተዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ጦርነት ወድቀዋል። ነገር ግን የዚያ ድል ፍሬ ብዙ አልቈየም፤ ግንቡ ግን አምስት በሮቹን ይዞ መቶ ዓመታትን ተሻገረ። በ1998 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጀጎልን ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገብቷታል። «የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» እንዲሉ አስቀድሞ መቀመጫን ማጽናት ከሁሉ የሚበልጥ ውሳኔ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር የመጣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። በርተን ከዘይላ የተነሣው የዐረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። ወደ ከተማዪቱ ሲቃረብ ግን የሰዎች ጥርጣሬ እየበረታ ሄደ፤ ቱርክ ነው ተብሎ መጠርጠሩም ለሕይወቱ የሚያሰጋ መሆኑን ተረዳ። በዚያን ጊዜ የለበሰውን የማስመሰል ልብስ አጥብቆ ከመያዝ ይልቅ እንግሊዛዊ ነኝ ብሎ በግልጥ ለመግባት ቈረጠ። በአሚር አሕመድ ዘንድ ቀርቦ 10 ቀን ያህል ተቀምጦ በሕይወት ወጣ። ከዐደን ሹም የተላከ አስመስሎ ደብዳቤ በእጁ ጽፎ ማቅረቡን ግን አናመሰግንለትም፤ በጎልፍ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ለሐሰተኛ ሒሳብ የሚሰጠው ቅጣት ከውድድሩ መባረር ነው። የምናመሰግነው መንገዱ እንዳላዋጣው ባየ ጊዜ ብዙ ወራት የደከመበትን ሐሳብ ለመተው መድፈሩን ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ የሰው ደም ያለበት ነውና። የግብፅ ጦር ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዞ ከቈየ በኋላ ሲወጣ አሚር ዐብዱላሂ ነገሡ። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን አሚሩ ሠራዊታቸውን ይዘው ከከተማዪቱ ርቀው ወጡና በጨለንቆ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ገጠሙ። በቍጥርም በመሣሪያም የሚበልጣቸውን ሠራዊት በግልጥ ሜዳ የገጠሙት የሐረር ሰዎች ፈጥነው ተሸነፉ፤ ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ ያም ሐዘን እስከ ዛሬ በሐረር አልተረሳም። አሚሩም ወደ ከተማ ተመልሰው፣ ከዚያም ሸሹ። በከተማዪቱ የቀሩት ዘመዳቸው ዓሊ አቡ በከር በዚያች ሰዓት ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ ወይ በግንቡ ላይ እስከ መጨረሻው መዋጋት፣ ወይ ገብሮ ለሕዝቡ ምሕረት መጠየቅ። ሁለተኛውን መረጡ። ከተማዪቱም በግንቧ ላይ ውጊያ ሳይደረግ ተያዘች፤ መኰንን ወልደ ሚካኤልም አገረ ገዥ ሆኑ። ዓሊ አቡ በከር የከፈሉት ዋጋ መራራ ነበር፤ ነጻነትን የሚያህል ነገር በምት ቍጥር አይለካምና ከጨዋታ ጋር ልናስተካክለው አንደፍርም። ነገር ግን ከጨለንቆ በኋላ የቀረውን ነገር ባያጠፉት ኖሮ እኛ ዛሬ ከሐኪም ጋራ ላይ ሆነን የምናያቸው ጠባብ መንገዶች፣ ያረጁ መስጊዶችና የሐረሪ ቤቶች እንደ ነበሩ ይቈዩ ነበር ለማለት አይቻልም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሁሉ ለአንተ ምን ያደርግልሃል? አንተም በኑሮህ ኳስህ ከቁጥቋጦ የሚገባበት ቀን ይመጣል። ነጋዴ ከሆንህ የገዛኸው ዕቃ ዋጋው ይወድቅብሃል። በዚያን ቀን ሁለት ሐሳብ ይመጣልሃል፤ አንዱ በጥቂት ኪሣራ ሸጠህ ገንዘብህን አውጣ ይልሃል፤ ሁለተኛው ተበድረህ እጥፍ አድርገህ ግዛ፤ በአንድ ጊዜ ሁሉን ትመልሳለህ ይልሃል። ይህ ሁለተኛው በቁልቋል መካከል የምትታይ ጠባብ ቀዳዳ ናት። ከወንድምህ ጋር በወሰን ተጣልተህ እንደ ሆነ ጥቂት ክንድ ትቶ መታረቅ አንድ ምት ነው፤ ለዓመታት ፍርድ ቤት መመላለስ ግን ጅረቱ ነው። መኪና የምትነዳ ከሆንህ መንገድ ስተህ ወደ ኋላ መመለስ አሳፍሮህ በማታውቀው ገደል ዳር አቋርጣለሁ ብትል የሚጠፋው የነዳጅ ዋጋ ብቻ አይደለም።

በእንዲህ ያለው ቀን አስቀድመህ ቁም። ነገሩ እንደ ተመኘኸው ሳይሆን እንደ ተቀመጠው ተመልከተው። ባይሳካ የት እንደምትወድቅ ጠይቅ። ሐረሪዎች በሐዘንም በደስታም አፎቻቸውን እንደሚሰበስቡ አንተም የሚያውቅ ሰው ሰብስበህ ተማከር። የሚያስፈልግህንና የምትመኘውን ለይ። ከዚያ በኋላ የመውጫው ዋጋ አንድ ምት ከሆነ ፈገግ ብለህ ክፈል፤ ከኋላ ያለው ጠፍጣፋ መሬትም የጨዋታው አካል መሆኑን ዕወቅ። ሒሳቡን አስበህ፣ ክንድህም ሥራውን የለመደ ሆኖ፣ መንገዱም ክፍት ከሆነ ግን አትፍራ፤ ምታ።

ኳሱ ከቁጥቋጦ መግባቱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ከላይ ስማቸውን የጠራናቸው ታላላቅ ተጫዋቾች ሁሉ ገብተዋል። ሰው የሚለየው ከገባ በኋላ በሚመታው በሚቀጥለው ምት ነው።

በዚሁ የዛሬውን ንግግራችንን እንፈጽማለን።